የሱፊያን ሻይ

ለጢፋ እንደምትለው፣ ባለፈው ረቡዕ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ እናቷን ልትጠይቅ ቦሳ ኪቶ ወዳለው ቤት ስትገባ፣ በረንዳው ላይ ጫማዋን ገና ሳታወልቅ የሟች ወንድሟ የሱፊያን ሽቶ ተቀበላት። ቆም ብላ በደንብ አሽትታለች፤ ተሳስቼ እንደሆነስ ብላ ወደ ግቢው ወጥታ እንደገና ገብታለች። ሽታው ያው ነው፤ መጀመሪያ እሳት ላይ የተረሳ ሻይ የሚመስለው፣ ቆይቶ ወደ ማር የሚጠጋው፣ ጅማ ውስጥ ከሱፊያን ሱቅ በቀር የትም የማይገኘው። ሳሎኑ ውስጥ ከወንድሟ ሚስት ከረይሃና በቀር ሰው አልነበረም። እናቷ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ረይሃና የባሏ ዒዳ ሳያልቅ፣ ኀዘን የተቀመጠች ሴት ሽቶ መንካት በማይፈቀድላት ጊዜ፣ ተቀብታለች። ረይሃና እንደምትለው ግን፣ ሱፊያን ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ እጇ ሽቶ ነክቶ አያውቅም። ሽቶዎቿን፣ ኩሏንና ሂናዋን ለቅሶ የመጡት ሴቶች ራሳቸው ሰብስበው ለአማቷ ለአዮ ዙህራ አስረክበዋል። የገቡበት ሳጥን የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም አዮ አንገት ላይ ነው። ረቡዕ ዕለት ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፤ ሸትታ ከሆነም የሸተተችው ሽንኩርት ነው።

ሁለቱን በየተራ ያዳመጠ ሰው የሚቸገረው፣ ሁለቱም መዋሸት የማይሆንላቸው ሰዎች በመሆናቸው ነው። ለጢፋ መንደራ ቆጪ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከደንበኛ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብትተርፍ ጠቅልላ የምትመልስ። ረይሃናም እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ አንድ ነገር ተናግራ ሌላ ስታደርግ ያያት የለም። አዮ ዙህራ ስለ ሽታው ሲጠየቁ አፍንጫቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀና አድርገው፣ ግራና ቀኝ አሽትተው፣ ምንም እንደማይሸታቸው ተናግረዋል። የጎረቤቲቱ የእትዬ ሸዋረገጥ ቃልም ለማንም አልጠቀመም። ማዘጋጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ለጢፋ በአጥሩ በኩል ጠርታ ብትጠይቃቸው፣ «እኔ ልጄ፣ አፍንጫዬም አብሮኝ ጡረታ ወጥቷል። ወጤ ማረሩን እንኳ የምሰማው ከእናንተ ነው» ብለው ሳቁ። ለጢፋ አልሳቀችም።

ነገሩ የአንድ ሰሞን ኩርፊያ ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ያላለፈው በቅዳሜው ምክንያት ነው። ቅዳሜ የረይሃና ዒዳ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። በዚሁ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንዳለቀ፣ አጎትየው አባ ዲጋ ከየቡ መጥተው የሱቁ ጉዳይ ይቆረጣል። ሱቁ ከመስጊዱ ጀርባ ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። የሱፊያን ታናሽ ወንድም ፋሂም ከአጋሮና ከሊሙ ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሱቁ ለሞባይል ዕቃ ነጋዴ ይከራይ ባይ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኪራዩ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒትና ለቤቱ ስኳር ይሆናል፤ ስኳር ደግሞ ዘንድሮ የሚቀመስ አልሆነም። ረይሃና ሱቁን ራሷ መያዝ ትፈልጋለች። ልጅ አልወለዱም፤ የሚስት ድርሻ ደግሞ ብቻውን ሱቅ አያስከፍትም። እነሱ ካልፈቀዱ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ አጋሮ፣ አባቷ ቤት መመለስ ነው። አባ ዲጋ ሰውን ሳይሰሙ የማይፈርዱ ሰው ናቸው፤ ግን ዒዳዋን መጠበቅ ያቃታት ሴት ከመስጊድ ጀርባ ሽቶ ልትሸጥ ነው ከተባለ ፍርዳቸው ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አያስቸግርም።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ደርቋል። ረይሃና ሱብሂን ሰግዳ እንደወጣች ግቢው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ በርሜል ከፍታ ጎኑን በጣቷ አንኳኳች፤ ለእንግዶቹ ሻይና ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ለውዱ ይበቃል፤ ለልብስ አይበቃም። ቤቱን ጠረገች፤ የሳሎኑን ምንጣፍ አውጥታ አራገፈች፤ ወለሉ ላይ የሚቀመጡበትን የመጅሊስ ትራሶች አንድ በአንድ መታ መልሳ ደረደረች። ጊዜው የቡና ለቀማ ስለሆነ ከከተማው ዳር ካሉት መፈልፈያዎች የእሸት ቡና ገለባ ሽታ በነፋስ እየመጣ ግቢው ድረስ ይገባል፤ ጎምዛዛ፣ እንደ ቦካ ነገር ያለ። የጅማ ሰው ለምዶታል፤ አይሸተውም። ሱፊያን ሱቁን ሲከፍት ጓደኞቹ ያሾፉበት የነበረውም በዚህ ነው። በቡና አገር ሻይ ሻይ የሚል ሽቶ ማን ይገዛል ነበር የሚሉት። አንዱማ ጠርሙሱን አሽትቶ፣ ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነው ብሎታል።

የገዙት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ጁምዓ ጠዋት ወደ መስጊድ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ጎራ እያሉ፣ ትንሽ ጥጥ አስነክረው ጆሯቸው ውስጥ ወትፈው ይገቡ ጀመር። ከዚያ ሙሽሮች መጡ፤ ከዚያ ከሰቃና ከየቡ ለገበያ የወጡ ሴቶች። ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው፤ የሱፊያን ሻይ ስጠኝ ይላሉ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣውን የሰንደል እንጨት ቅባት ጠርሙስ ውስጥ ያደርግና የውሽውሽ ሻይ ቅጠልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ይጨምርበታል፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ባለበት ሳምንታት ዘፍዝፎ በስስ ጨርቅ ያጠልለዋል። ጠርሙሶቹን የምታነሳና የምታገላብጥለት ረይሃና ነበረች። አንዱ ከሌላው ተመሳስሎለት አያውቅም፤ አንዳንዱ መራራው ያይላል፣ አንዳንዱ ቶሎ ይጣፍጣል። ሽቶው ጠፋብኝ ብሎ የሚመለስ ደንበኛም አይጠፋም። ሱፊያን መልሱ አንድ ነበር። ሽታው አልጠፋም፤ አፍንጫህ ለመደው፤ አጠገብህ የቆመውን ሰው ጠይቅ ይላል።

ለረይሃና ግን ያ ሽታ ከሱቁም ይቀድማል። አባቷ አብዱልፈታሕ አጋሮ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። ሱፊያን ያኔ ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ ወጣት ነበር፤ አንድ ቀን ረይሃና ሻዩን ጥዳ ከተሳፋሪ ሴት ጋር ወሬ ይዛ ማንቆርቆሪያውን ረሳችው። ሻዩ ጠቁሮ እንደ ሬት መሮ ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሲመልሰው፣ እሱ ስኳር ጨምሮበት ጠጣና ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ ቆየ። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ይህን ሽታ የሆነ ቀን ጠርሙስ ውስጥ አስገባዋለሁ አላት። የምሩን አልመሰላትም ነበር።

አሁን የራባት ያ ሽታ ነው። ፎቶግራፍ አለ፤ ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ስልኩ ውስጥ ድምፁ አለ። ሽታው ግን የለም፤ ኮቱን ሴቶቹ በሳሙና አጥበው ነው የመለሱላት። ሳጥኑ ይከፈትልኝና ጠርሙሱን ከሩቅ ላሽትተው ብትል ማንም አይከለክላትም ይሆናል፤ የተከለከለው መቀባት ነው። ያልጠየቀችው ራሷን ስለምታውቅ ነው። ክዳኑ ከተከፈተ እጇ አፍንጫዋ ጋ እንደማይቆም ታውቃለች። ስለዚህ ቅዳሜን ትጠብቅ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አዮን ቁልፉን ልትጠይቅ፣ አንዲት ጠብታ አንጓዋ ላይ ልታደርግ። ለማንም ያልተናገረችው ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ጠዋት በረንዳውን ስትጠርግ፣ ሽታው ራሱ ይመጣባታል፤ ውል ብሎ ይጠፋል። አእምሮዬ ሊነካ ነው ብላ ፈርታ ቁርኣን ከፍታ ትቀራለች። ለዚህ ነው ለጢፋ ረቡዕ ዕለት አፍንጫዋን ይዛ ስትጮህባት፣ ከስድቡ በፊት ሌላ ነገር የተሰማት። እሷም ሸቷታል ማለት ነው። አላበድኩም ማለት ነው።

ቁርስ ለአዮ በክፍላቸው ወሰደችላቸው። አዮ ከልጃቸው ሞት ወዲህ ጆሯቸው ከብዷል። ፋሂም ኀዘን ጆሮዋን ደፈነው ይላል፤ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ሲላቸው እሺ ብለው አያውቁም። ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ያያሉ፤ ያልገባቸውን አልሐምዱሊላህ ብለው ያልፉታል። በለቅሶው ወቅት ግቢው ሙሉ ሴት ሲጮህ በየመሀሉ እየዞሩ ሰብር አድርጉ፣ ታገሡ፣ የአላህን ነገር በጩኸት አትመልሱ ሲሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ሲያነባ ያየ የለም። ሰፈሩ አሁንም ስለሳቸው ሲያወራ ይህን ነው የሚያነሳው። ረይሃና ዳቦውንና ሻዩን አስቀምጣ ዛሬ አባ ዲጋ እንደሚመጡ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። አዮ ሻዩን ሁለቴ ፉት አሉና፣ ሱፊያን ቢኖር ይህን ሻይ ውኃ ነው ይል ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። ረይሃና ከሞተ ወዲህ ሻይ አጥቁራ አታውቅም።

ለጢፋ ረፋዱ ላይ የሳምቡሳ ሊጥና የተቀቀለ ምስር ይዛ በባጃጅ መጣች። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እንዴት አደርሽ፣ ደህና፣ ልጆቹ፣ ደህና። ከዚያ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ለጢፋ ሊጡን በመዳመጫ እንጨት ትዳምጣለች፤ ረይሃና ምስሩን ትሞላና ጠርዙን ትደፍናለች። ለብዙ ረመዳን አብረው ሲሠሩት ስለኖሩ እጃቸው ሳይነጋገሩ ይግባባል፤ አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ትቀበላለች። እንዲህ እየሠሩ የውጭ ሰው ቢያያቸው የሚዋደዱ እኅትማማቾች ይመስሉት ነበር፤ ደግሞም ይዋደዱ ነበር። ዘይቱ መጋል ሲጀምር ለጢፋ መዳመጫውን አስቀመጠች።

«ለአባ ዲጋ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «ከኋላዬ አወራች እንዳትዪ ነው አሁን የምነግርሽ። ዛሬም ፊት ለፊትሽ እደግመዋለሁ።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለች ረይሃና። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለጢፋ፣ ስትገቢ ምኑ ነው የቀደመሽ? መራራው ነው ጣፋጩ?»

ለጢፋ እጇ ላይ የቀረውን ዱቄት አራገፈች። «መራራው» አለች በመጨረሻ። «በጣም መራራው። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያወልቅ ነው የመሰለኝ።» ከዚያ ድንገት የተቀለደባት መሰላትና ፊቷ ተለወጠ። «ምን ዓይነት ሴት ነሽ ግን? ተቀብተሽ ደግሞ ሽታውን ታስነግሪኛለሽ?» ብላ መዳመጫውን አነሳች። የመጀመሪያዎቹ ሳምቡሳዎች ትንሽ አረሩ።

ዙህር ሲደርስ አዮ በጓዳ በኩል ቀስ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። ሌላ ቀን ውዱ የሚያደርጉት ክፍላቸው ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ሳፋ ነው፤ ዛሬ ግን የሳቸው ውኃ አልቋል። ረይሃና ከበርሜሉ በማንቆርቆሪያ ቀድታ ላፍስስልዎ ብትል በእጃቸው ምልክት ሂጂ አሏት። አስቀምጣላቸው ገባች። ጥቂት ቆይታ በርሜሉን ልትከድን ስትወጣ አዮ ታጥበው ገብተዋል። ማንቆርቆሪያው መሬት ላይ ነው። ከሱ በላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ባቄላ የሚያህሉ ሁለት የጥጥ ኳሶች ተቀምጠዋል፤ ቢጫ፣ ቅባት የጠጡ።

ሳትቀርብ ነው ያወቀችው። ቆማ ቀረች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አንዱን በሌላው ያዘችው፤ ከነካችው ጣቷ ላይ እንደሚቀር አውቃለች፤ ፀሐይዋ ደግሞ ገና አናት ላይ ናት። ጎንበስ ብላ ፊቷን ብቻ አስጠጋች። መጀመሪያ የጠቆረው ሻይ መጣ፤ ከሥሩ የብርቱካኑ ልጣጭ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሊጠፋ ሲል፣ ያ ማር። አጋሮ መናኸሪያ፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ ብርጭቆ አፍንጫው ሥር ይዞ የቆመ ወጣት። ለስንት ጊዜ እንዲህ እንደቆመች አታውቅም፤ ቀና ስትል አዮ በሩ ላይ ቆመዋል። ገና ሳይሰግዱ ነው የተመለሱት፤ ውዱ ሲያደርጉ ጆሯቸውን ሊያብሱ አውጥተውት ረስተውታል።

አዮ መጥተው ጥጦቹን አነሱ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጆሯቸው ወተፉና ሻሻቸውን ወደ ታች ጎተቱ።

«ጆሮዬን ነፋስ ይገባዋል፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። ልጄ ሲሉ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

«አዎ አዮ» አለች ረይሃና። «ነፋስ አለ።»

ተመልሰው ገቡ። ረይሃና በርሜሉን ከደነችና እላዩ ላይ ክንዷን አስደግፋ ቆመች። ሁሉም ነገር በየቦታው ገባላት። ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ሽታ፣ አዮ በረንዳው ላይ አልፈው ሲገቡ ነው። ረቡዕ ዕለትም ለጢፋ ከመግባቷ በፊት እዚያው ተቀምጠው ነበር። ምንም አይሸተኝም ያሉት ዋሽተው አይደለም፤ ቀን ከሌት ጆሯቸው ውስጥ ያለ ሽታ አፍንጫቸው ለምዶት ጠፍቶባቸዋል፤ ሱፊያን ለደንበኞቹ እንደሚለው። ጆሯቸውንም የደፈነው ኀዘን ሳይሆን ጥጡ ነው። ለጢፋ በሷ ላይ የተናገረችውንም ስላልሰሙ ስለ ሽታው ለምን እንደተጠየቁ አያውቁም። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ቃል ብትናገር ስሟ ይጠራል፤ ሱቁም ምናልባት ይቀርላታል። ግን ያቺ ቃል የምትወጣው፣ ሰፈሩን ሁሉ ሰብር አድርጉ ሲሉ ከነበሩት ሴት ጆሮ ውስጥ ነው። ይህን እያሰበች ዙህር ሊያመልጣት ትንሽ ቀረ።

አባ ዲጋ ከዐስር በኋላ ፋሂምን አስከትለው መጡ። ከዘራቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው መጅሊሱ ላይ ተቀመጡ፤ የታክሲው ታሪፍ እንደገና መጨመሩን፣ የዘንድሮ ቡና ጥሩ ፍሬ መያዙን፣ ለቃሚ ግን መጥፋቱን አወሩ። ሳምቡሳው ያረረውም ያላረረውም ተበላ። አዮ ከግድግዳው ጋር ተደግፈው የሰውን ከንፈር ያያሉ። ከዚያ ፋሂም ጉሮሮውን ጠራረገና ሐሳቡን አስረዳ። ተከራዩ የታወቀ ልጅ ነው፤ በየወሩ ይከፍላል፤ ሰኞ መልስ ይጠብቃል። ሽቶው የሱፊያን እጅ ነበር፤ እሱ ከሌለ ያለቀ ነገር ነው። ረይሃናን እንደ እኅቱ ነው የሚያያት፤ በየትኛውም በዓል አጋሮ ድረስ ይጠይቃታል። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ረይሃናም ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ተራዋ ሲደርስ ማጠለሉን እንደምታውቅ፣ ደንበኞቹም እንደሚያውቋት፣ ኪራዩ የሚያመጣውን ያህል ለአዮ መስጠት ባትችል ያን ጊዜ ትታ እንደምትሄድ ባጭሩ ተናገረች።

አባ ዲጋ ወደ ለጢፋ ዞሩ። ለጢፋ ቃሏን ጠበቀች፤ ረቡዕ ዕለት ያለችውን ሳትጨምርም ሳትቀንስም ደገመችው። ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ።

«ረይሃና» አሉ አባ ዲጋ። «ሰምተሻል። ተቀብተሽ ነበር?»

«ወላሂ፣ አልተቀባሁም።»

«አምናለሁ። ሽታውስ? ለጢፋም ባልሆነ ነገር አትምልም። ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

ረይሃና ሁለቱንም መልስ አመዛዘነች። አላውቅም ብትል አሁን በወላሂ ያጸናችው ቃል ላይ ውሸት መደረብ ነው። አውቃለሁ ብትል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ጣቶቿን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ እያንሸራሸረች ቆየች። «አባ ዲጋ፣ እኔ አልተቀባሁም» አለች። «ከዚህ ሌላ አልናገርም። ማሎ፣ እባክዎ አይጠይቁኝ።»

«አያችሁ» አለች ለጢፋ በቀስታ። ደስ ያላት አትመስልም። ፋሂም ወደ መስኮቱ ዞረ። አባ ዲጋ ጢማቸውን ይዘው ቆዩና፣ የማይነገር ነገር ያለበት ቤት ላይ አደራ መጣል ይከብደኛል አሉ። የሚያዝኑ ሰው ድምፅ ነበር።

አዮ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲያዩ ቆይተው ነበር። ምን ይላሉ ብለው ፋሂምን ጠየቁት። ፋሂም ጮክ ብሎ ስለ ሱቁ ነው አላቸው። ስለ ሱቁ ከሆነ ለጢፋ ለምን ታለቅሳለች አሉ። ያኔ እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር አስገብተው ጥጦቹን አወጡና መዳፋቸው ላይ ያዙ።

«እስቲ አሁን ድገሙልኝ» አሉ።

ሽታው ከዘረጉት እጅ ተነስቶ ሳሎኑን ሞላው። ፋሂም ከመስኮቱ ዞረ። አባ ዲጋ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ለጢፋ አፏን በሻርፗ ያዘች፤ ወደ ረይሃና አየች፤ ከዚያ እናቷ እግር ሥር በጉልበቷ ሄዳ ግንባሯን ጭናቸው ላይ አደረገች። አባ ዲጋ የሆነውን፣ ረይሃና ምን እንደተባለችና እንዴት ዝም እንዳለች፣ በኦሮምኛ ዝግ ብለው ለአዮ ነገሯቸው። አዮ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የልጃቸውን ጀርባ በአንድ እጃቸው ይዳብሳሉ፤ ሌላው እጃቸው ጥጡን እንደያዘ ነው።

«እናንተን አታልቅሱ ስል ከረምኩ» አሉ። «እንደዚያ ካልኩ በኋላ እኔ እንዴት ላልቅስ። ከዚያ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋብኝ። የልጄ ድምፅ፤ አዮ ሲለኝ እንዴት ነበር ብዬ ፈለግኩ፣ የለም። ድምፁ ሲጠፋብኝ ሽታውን ጆሮዬ ውስጥ አደረግኩት። ይኸው ነው።» ወደ ረይሃና ዞሩ። «አንቺ ቀትር ላይ አይተሽኝ ነበር እኮ። ለምን አልተናገርሽም?»

«ነፋስ ነው ብለውኝ ነው» አለች ረይሃና።

አባ ዲጋ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። ፀሐይ ጠልቃ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሁሉም እስኪያበቃ ዝም ብለው አዳመጡ። አዮ ከአንገታቸው ቁልፉን አውልቀው ለለጢፋ ሰጧት። ለጢፋ ወደ ጓዳ ገብታ ሳጥኑ ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ትንሿን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ረይሃና ፊት ተንበረከከች። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ማለት ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት፤ ረይሃና ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ጠርሙሱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ሥሩ ላይ የጥፍር ወርድ የምታህል ቡናማ ቅባት አለች። አዮ ያንን ሲያዩ ማፈራቸው ከፊታቸው ተነበበ።

«ዒዳሽ አብቅቷል» አሏት። «ያንቺ ነው። ያጎደልኩብሽን አውፍ በይኝ።»

ረይሃና ጠርሙሱን ተቀበለች። ክዳኑን ከፈተችው። ቀኑን ሁሉ፣ ከዚያም በፊት የነበሩትን ቀናት ሁሉ፣ ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ነበር፤ አንጓዋን ወደ ላይ ገለበጠች፤ ደም ሥሯ ሲመታ ይታያል። ጠርሙሱን አዘነበለች። ቅባቱ ቀስ ብሎ ወደ አፉ መጣ፤ አፉ ላይ ደርሶ ጠብታ ሊሆን ተንጠለጠለ። አዮ ወደ ጠርሙሱ አያዩም፤ መዳፋቸው ላይ ያሉትን ሁለት ጥጦች ነው የሚያዩት፤ ሊደርቁ ደርሰዋል። ረይሃና ጠርሙሱን ቀና አደረገችው። አንዱን ጥጥ ከአዮ መዳፍ አነሳችና አፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ አስጠጣችው፤ አሁን ጣቷን ቢነካው ግድ የለም። ጥጡን ለአዮ መለሰች፤ ክዳኑን ገጥማ ጠርሙሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችም።

«ሱቁስ?» አለ ፋሂም፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። «ልጁን ሰኞ ምን ልበለው?»

አባ ዲጋ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ረይሃና ቀደመቻቸው።

«የቀረውን አዮ ይጨርሱት» አለች። «እኔ አጋሮ አልገባም። ሰኞ ሱቁን ከፍቼ ሌላ እዘፈዝፋለሁ፤ እሱን ባይመስልም።»